ሞኒተሩ ምን አጠፋ?

«ሞኒተሬ ጠፋ» ብሎ መጣ። ጠፋ? ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ፣ ፖሊስ ጣቢያ አመልክት እንጂ! በሬዲዮም አስነግር። ቁመቱ 24 ኢንች፣ መልኩ ጠቆር ያለ፣ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከትናንት ወዲያ ማታ አምስት ሰዓት ጠረጴዛ ላይ እንደቆመ። ያለበትን ለጠቆመ ወሮታው ይከፈላል በል። ወሮታው ግን በጥሬ ገንዘብ ይሁን። በኮምፒውተር ዕውቀትህ ከከፈልከው ጠቋሚው ይከስራል።

ጀማው፣ ጠጋ በሉ። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ፤ በየሰፈሩ አንድ አንድ ተመድቦልናል። ለዛሬ «ፈጣኑ» እንበለው። ኮምፒውተሩን ኦቨርክሎክ ካደረገ ወዲህ አረማመዱ ራሱ ተቀይሯል። ኦቨርክሎክ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ፋብሪካው «በዚህ ፍጥነት ሂድ» ያለውን ፕሮሰሰር «ፋብሪካው ምን ያውቃል፣ እኔን ስማኝ» ብሎ መግረፍ ነው። ፋብሪካው መሐንዲሶች አሉት። ፈጣኑ ደግሞ ዩቲዩብ አለው። እሱንም በጎረቤት ዋይፋይ።

የሚገርፈው ፈረስ ስንት ዓመቱ መሰላችሁ? ኢንቴል ኮር አይ7-2600ኬ። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ገበያ የወጣ። በዚህ ዕድሜ ያለ ዕቃ ይጦራል እንጂ አይጋለብም! መነሻ ፍጥነቱ 3.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሲነሽጠው በራሱ ጊዜ እስከ 3.8 ይደርሳል። መጨረሻው ላይ ያለችው «ኬ» ማባዣው አልተቆለፈም፣ ከፈለግህ ቀይረው ለማለት የተጻፈች ናት። ፈጣኑ «ኬ» ሲያይ ኬክ መሰለው።

«4.8 አስገባሁት!» አለኝ። በሀበሻ ነው በፈረንጅ? የኛ ሰዓት ከፈረንጁ በስድስት ይለያል፤ ያንተ ክሎክ ግን ከሁለቱም አይገጥምም። «አራት ኮር ነው እኮ» አለና ኮራ። ኮር አኮራው፤ ኮረንቲ አዋረደው። አሁን ስክሪኑ ጥቁር ብሏል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ኪቦርዱ መብራቱን አጥፍቶ ተኝቷል። የኛ ሰው ግን ተጠርጣሪውን በቁጥጥር ሥር አውሏል። ማንን? ሞኒተሩን!

አንደኛ ደረጃ ስንማር ሞኒተር ነበረን አይደል? መምህሩ ወጣ ሲሉ ጠመኔ ይዞ ሰሌዳው ጥግ ላይ የረባሽ ስም የሚጽፍ። ረባሹ ታዲያ ከክፍል ሲወጣ የሚደበድበው ማንን ነበር? ሞኒተሩን። ስሙ ሦስት ጊዜ ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ቂም ይዞ፣ ይኸው ጢም አብቅሎም ሞኒተር እየደበደበ ነው! አልቀለድኩም። ቤቱ ስገባ የሞኒተሩን ጎን በጥፊ እያጮለው ነበር። «አንዳንዴ ሲመቱት ይነቃል» አለኝ። አንተ ስንት ዓመት ተመታህ፣ ነቃህ እንዴ?

ደግሞ ሞኒተር መጠየቅ እንዴት ቀላል ነው! ገመዱን ከኮምፒውተሩ ነቅለህ ሞኒተሩን ብቻውን አብራው። «ሲግናል የለም» ብሎ ከጻፈ ሕያው ነው፤ የሚያሳየው አጥቶ ነው። የራሱን ሜኑ ቁልፍ ተጫን፤ ሜኑው ጥርት ብሎ ከመጣ ፓኔሉም መብራቱም ደህና ነው። ምንም ካልጻፈ የእጅ ባትሪ አስጠግተህ አብራበት። ጥላ መስሎ ምስል ከታየህ የሞተው የኋላ መብራቱ ብቻ ነው። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ፈጣኑ ግን ፈጣን ስለሆነ ሦስት ደቂቃ የለውም። ሁለት ቀን ግን አለው።

የሱ ሞኒተር ምን አለ መሰላችሁ? «ሲግናል የለም» አለ። በሚያምር ነጭ ጽሑፍ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ሞኒተር «ሞቷል» ተብሎ ሊቀበር ነበር!

«እሺ፣ ሞኒተሩ ካልሆነ ካርዱ ነው።» ካርዱ ካለቀ ሱቅ ወርደህ ባለ 50 ብር ግዛና ፍቀህ ሙላለት! ካርዱን ምን እንዳደረግኸው ጠይቅ እንጂ። ጀማው፣ ይህችን በደንብ ስሙ። በዚህ ዘመን ፕሮሰሰር ላይ አንድ መነሻ ሰዓት አለ፤ 100 ሜጋኸርዝ። እሱን በ48 ብታባዛው 4.8 ጊጋኸርዝ። «ኬ» የተፈጠረችው ለዚህ ነበር፤ ማባዣውን ብቻ ንካ፣ ሌላውን ተው። ፈጣኑ ምን አደረገ? ማባዣውን 45 ላይ ትቶ መነሻውን 107 አደረገው። 4.815! ዩቲዩብ ላይ 4.8 ካስገባው ሰውዬ በ15 ሜጋኸርዝ በለጠ። ደስ አይልም?

ችግሩ ያ መነሻ ሰዓት የፕሮሰሰሩ ብቻ አለመሆኑ ነው። ግራፊክስ ካርዱ የተሰካበት መስመርም፣ ሃርድ ዲስኩ የተሰካበትም በሱ ነው የሚሄዱት። ለዚህ ነው የዚህ ትውልድ ሰሌዳዎች ከ105 አካባቢ በላይ ሲገፏቸው የሚያጉረመርሙት። አንዱን ጎበዝ ተማሪ «ሩጥ» ማለት ሲቻል የትምህርት ቤቱን ደወል አፈጠነው! ክፍለ ጊዜው አጠረ፣ ካርዱ ደብተሩን ሳይዘጋ ወጣ፣ ዲስኩ ፈተናውን ግማሽ ላይ ትቶ ወጣ። ሞኒተሩም የረባሹን ስም ጻፈ። ስሙም የራሱ የፈጣኑ ነው።

«ዓለም ሁሉ ያደርገዋል» ይላል። ዓለም ያደርገዋል፤ ዓለም ግን ያነባል። እ.ኤ.አ. በ1998 ሴሌሮን 300ኤ የሚባል ርካሽ ፕሮሰሰር ነበር። መነሻው 66፣ ማባዣው 4.5፣ ፍጥነቱ 300 ሜጋኸርዝ። ሰዎች መነሻውን 100 አደረጉትና 450 ሆኖ ቁጭ! እንደ ውድ ወንድሙ ይሮጥ ጀመር። ጥጋብ መቼም ማቆሚያ የለውም፤ በዚያው ዘመን ሰሌዳቸውን 133 ድረስ የገፉ ነበሩ። ያኔ 66 ላይ እንዲሄድ የተሠራው የግራፊክስ ካርድ መስመር 89 ገባ። አንዳንዱ ካርድ ቻለው፤ አንዳንዱ ስክሪኑን ጥቁር ጋቢ አልብሶ ተኛ። የዚያን ዘመን ሰዎች ግን ሞኒተር በጥፊ አልመቱም፤ ወደ 100 መለሱት። አንተ ከነሱ ፍጥነቱን ወርሰህ ፍሬኑን እዚያው ትተኸው መጣህ።

ስክሪኑ ከመጥፋቱ በፊት ምን ያሳይ ነበር ብዬ ጠየቅሁት። «አረንጓዴና ሮዝ ነጠብጣብ፣ መሃል ላይ ደግሞ መስመር። ሞኒተሩ አርጅቷል አላልኩህም?» ጥልፍ ነዋ! ሞኒተሩ ሽሮ ሜዳ የሠራ መሰለህ? ነጠብጣቡ ከሞኒተሩ መሆኑን ለማወቅ ስክሪንሾት አንስተህ በስልክህ ላይ ታየዋለህ። ጥልፉ ፎቶው ላይም ካለ ጠላፊው ካርዱ ወይም ድራይቨሩ ነው፤ ፎቶው ንጹሕ ከሆነ ያኔ ገመዱንና ሞኒተሩን ጠርጥር። ፈጣኑ የካርዱንም ሜሞሪ አፍጥኖት ነበር ለካ። ሲነግረኝ አፈር ብሎ መሰላችሁ? እንደ ትርፍ ሥራ ነው የተናገረው።

«ከዚያ ደግሞ ሰማያዊ ነገር ብልጭ አለብኝ።» ሰማያዊ? ሌላው ሰው ሰማያዊ ራእይ ለማየት ሱባኤ ይገባል፤ አንተ ባዮስ ገብተህ አየኸው! ራእዩን ግን አላነበበውም። ደግነቱ በስልኩ አንስቶታል፤ ዜሮ ኤክስ 124 ይላል። ሃርድዌሩ ራሱ «ስህተት ሠርቻለሁ» ብሎ የሰጠው ቃል ነው። ይህን ፕሮሰሰር የሚያፈጥኑ ሰዎች ቁጥሩን እንደ ስልክ ቁጥራቸው ያውቁታል፤ ብዙውን ጊዜ ትርጉሙ «ሩጥ አልከኝ፣ ቮልት ግን ነፈግኸኝ» ነው። ፈጣኑ ይህን ስነግረው ዓይኑ በራ። «ስለዚህ ቮልት ልጨምርለት!» እኔን ይጨምርብኝ። መስቀለኛ መንገድ ላይ ቁም ሲሉት ፍጥነት የሚጨምረው ሾፌር ይሄ ነው ለካ!

የቮልትን ሒሳብ ላስረዳው ሞከርኩ። የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል ያድጋል፣ ከቮልቱ ጋር ግን በካሬው ነው። ፍጥነቱን በ30 ከመቶ ብትጨምርና ቮልቱን ከ1.2 ወደ 1.4 ብትወስደው፣ 1.3 ሲባዛ በ1.36፤ የሚበላው 1.77 እጥፍ ይሆናል። ሠላሳ ከመቶ ሮጦ ሰባ ሰባት ከመቶ የሚበላ ሠራተኛ ማን ይቀጥራል? «እኔ» አለ። ደመወዙን እናቱ ስለሚከፍሉለት ነዋ፤ የመብራት ቆጣሪው በሳቸው ስም ነው።

«ፈረንጁ ዩቲዩብ ላይ ሲያደርገው አይሞቅም» አለኝ። ፈረንጁ የት ነው የተቀመጠው? ባሕር ዳር። ጣና አላልኩም፤ ባሕር ዳር፣ የውቅያኖሱ አጠገብ! አንተ ያለኸው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። እዚህ ያለው አየር ከዚያኛው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ፋንህ ያንኑ ያህል ይዞራል፤ የሚያነሳው ሙቀት ግን ያንሳል። ቀጭን አየር ለሯጭ ነው። አትሌት እንጦጦ ወጥቶ ሲሮጥ ሳንባው ይጎለብታል፤ ፕሮሰሰር ሳንባ የለውም። የአዲስ አበባ ብርድ ይክሰው ነበር፣ አልዋሽም፤ ፈጣኑ ግን ኬዙን አልጋ ሥር ከቶ፣ በብርድ ልብሱ ጫፍ ጋርዶታል። እንዳይበርደው!

ስንት ዲግሪ ነበር ብዬ ብጠይቀው «97፣ ገና 100 አልሞላም» አለኝ። በዚህ ከተማ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል! የአንተ ፕሮሰሰር ከሚንተከተክ ሽሮ በላይ ይሞቃል። 98 ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ 4.8 ያልከው ባዮሱ ላይ የተጻፈው ነው፤ ሙቀቱ ጣሪያውን ሲነካ ፈረስህ በእግሩ ነው የሚሄደው። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል ሰምተናል፤ አንተ ጋ ግን ሳይሄድ ተጠበሰ። «ትንሽ ሞቅ ብሎታል እንጂ ምንም አልሆነም» ይለኛል። ሰካራም ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው።

የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስቱንስ አድርገሃል? «አድርጌያለሁ፣ እንዲያውም ሙሉ ቱቦ!» ዳቦ ላይ ማርማላታ አደረገው። የአተር ፍሬ የሚያህል ነበር የሚበቃው።

ጥፋት ሁሉ ሲያልቅበት ወደ መብራት ዞረ። «መብራቱ ነው፣ ከፍ ዝቅ ይላል።» መብራት መቼም እዚህ ሀገር ጠበቃ የለውም፤ እኔም አልቆምለትም። ግን ያንተ ፓወር ሰፕላይ ምን ያህል ነው? «750 ዋት» አለ። ፈትቼ በአንድ እጄ አነሳሁት። በትንሿ ጣቴ ማንሳት እችል ነበር። እንዲህ የሚቀል 750 ዋት ውስጡ ዋት የለም፣ ወሬ ነው ያለው። ተለጣፊው ላይ 750 ተጽፏል፣ ዝቅ ብሎ የ12 ቮልቱ መስመር ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ሲታይ 18። አሥራ ሁለት ሲባዛ በአሥራ ስምንት 216 ዋት! ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚበሉት ከዚህ መስመር ነው። የቀረውን 534 ዋት ማን ዋጠው? ጌም ሲጀምር ካርዱ ድንገት አፉን ይከፍታል፣ መስመሩ ይወርዳል፣ ስክሪኑ ድርግም። «መብራት ሄደ» ይላል። መብራቱ አምፖሉ ላይ አለ፤ የሄድከው አንተ ነህ!

«አቦ፣ ስቴብል ነበር እኮ! አምስት ደቂቃ ሠርቷል።» አምስት ደቂቃማ እኔም ጂም ገብቼ ሠርቻለሁ። መረጋጋት የሚለካው አስለፍቶ ነው። ፕራይም95 የሚባል ፕሮግራም አለ። የተሠራው ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን ለማደን ነው፤ የሒሳብ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ያድኑበታል። አፍጣኞች የወደዱት ግን ለሌላ ነው፤ መልሱ አስቀድሞ የሚታወቅ ሒሳብ እየሰጠ ፕሮሰሰሩን ይፈትነዋል። አንድ ከሳተ «ተሳስተሃል» ብሎ ያቆመዋል። ራሙን ደግሞ ሜምቴስት86 ሌሊቱን ሙሉ ይመረምረዋል። አንድ ስህተት ካየህ ያ ራም በዚያ ፍጥነት አልፎ አልፎ ይዋሻል ማለት ነው። ፈጣኑ 1333 ላይ የሚሄደውን ራም 1866 አስገብቶታል። ራም አልተራመደም፤ ተደናቀፈ። «ሜምቴስት አንድ ስህተት ብቻ ነው ያሳየኝ» ብሎ ሊያጽናናኝ ሞከረ። አንድ ብቻ ቀዳዳ ያለው ጀልባ ግዛና ዝዋይ ላይ ተገናኘን።

በስክሪን ላይ የሚጻፈውን ሁሉ እንዳለ የሚያምን ደግሞ ይህን ይስማ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ባለ ከፍተኛ አቅም ፕሮሰሰሮች የገዙ ሰዎች ጌም ሲከፍቱ «የቪዲዮ ሜሞሪ አልቋል» የሚል መልእክት ይመጣባቸው ነበር። ካርዳቸው ሜሞሪ ሞልቶ ተርፎታል! ካርድ ቀየሩ፣ ድራይቨር ቀየሩ፣ ወንበር ብቻ ነው ያልቀየሩት። ኋላ ሲታይ የሚሳሳተው ፕሮሰሰሩ ነበር፤ የታሸገ ዳታ ሲፈታ ይስትና ጥፋቱ በካርዱ ስም ይጻፋል። ኢንቴል በ2024 ፕሮሰሰሮቹ ከሚገባው በላይ ቮልት ይጠይቁ እንደነበር አምኖ በነሐሴ ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። እነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ ምንም አልነኩም ነበር። አንተ ምን ቀረህ ያልነካኸው? የበር ደወሉን?

ወደ ጥገናው እንግባ፤ ቡናው ሊፈላ ነው። እናቱ እትዬ ረከቦቱን ዘርግተው በዓይናቸው ጥግ ያዩናል። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሬሳ ነው እንዴ ሁለት ቀን ተቀምጠህ የምትጠብቀው?» አሉት። እኔ ከዚህ በላይ ምን ልጨምር?

ኬዙን ከአልጋው ሥር ጎተትኩ። አቧራው ጤፍ ይዘራበታል። በመጀመሪያ የሞኒተሩን ገመድ ተከተልኩ። የት ሄደ? ካርዱ ላይ አይደለም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ነው የተሰካው! «ስክሪኑ ሲጠፋ አዛወርኩት፤ ሌላኛው ቀዳዳ ባዶ ስለነበር» አለ። ካርድ ሲኖር ማዘርቦርዱ ብዙውን ጊዜ የራሱን ቀዳዳ ይዘጋል። ይኸው፣ ሞኒተሩ «ሲግናል የለም» ያለው እውነቱን ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ እውነት በመናገሩ በጥፊ ተመታ!

ገመዱን ካርዱ ላይ ብሰካም አልነሳም አለ፤ 107ቱ አለ እኮ። የኃይል ገመዱን ነቀልኩ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኜ የቀረችውን ኮረንቲ አራገፍኩ፣ ከአንድ ብር ሳንቲም አነስ የምትለዋን ሲአር2032 ባትሪ በጥፍሬ አወጣኋት። «በቃ? ይህቺን ለማውጣት ነው?» አለ። አዎ፣ ይህችን። የሷ 3 ቮልት ነው ያንተን ጀብዱ ሁሉ በልቡ ይዞ የኖረው። አሥር ደቂቃ አስቀመጥናት፤ አንደኛው ቡና ተጠጣ። ራሙን ሁሉ አወጣሁና አንዱን ብቻ መለስኩ። ባትሪዋን ከተትኩ። አበራሁ።

ፋኑ ዞረ። ዝም አለ። እትዬ ስኒያቸውን እንደያዙ ቆሙ። ሞኒተሩ ብልጭ አለና ባዮሱ መጣ፤ ቀኑን ረስቶ 2011 ይላል። የኛ ዘመን አቆጣጠር ከፈረንጁ ሰባት ስምንት ዓመት ነው የሚዘገየው፤ ያንተ ማሽን ግን ሁለታችንንም ጥሎ ወደ ልጅነቱ ሄደ። ፍጥነት፣ 3.4። መነሻ፣ 100። ቮልት፣ ፋብሪካው ያለው። ዊንዶውስ ገባ። ጥልፍ የለ፣ ራእይ የለ። እትዬ «ተመስገን» አሉ። ፈጣኑ ደግሞ «ግን ቀርፋፋ አልሆነም?» አለ። ከሰላሳ ሰከንድ በፊት ሬሳ ነበር እኮ!

እጄን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ ማውሱ ይንቀሳቀሳል። «ፕሮሰሰሩንማ አልነካም፣ ማልኩ» አለኝ። «ሞኒተሩ ግን 60 ኸርዝ ነው። ወደ 90 ባወጣው ምን ይለዋል?» ምን እንደሚለው ከመናገሬ በፊት ሞኒተሩ ራሱ ተናገረ። ስክሪኑ ጠቆረ፤ መሃል ላይ አንዲት ሣጥን ወጣች። ከአቅሜ በላይ ነው ትላለች። ፈጣኑ ብድግ አለ። «ሞኒተሬ ጠፋ!»

እጁ ለጥፊ ሲነሳ አየር ላይ ያዝኩት። መልስ ካልሰጠኸው ዊንዶውስ በ15 ሰከንድ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ ዝም ብለህ ቁጠር አልኩት። ቆጠርን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እትዬም ሁለተኛውን እየቀዱ አብረው ቆጠሩ። አሥራ አምስት ላይ ስክሪኑ ተመለሰ።

እትዬ ጀበናውን አስቀመጡና ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ለሱስ እስከ ስንት ብንቆጥርለት ነው የሚመለሰው?»